የግሪክ ማዕድ ለጎጃም እንግዳ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ የግሪክ ምግብ ቤት የለም። ጅጋም፣ ማንኩሳም፣ ደምበጫም የለም። ወሬው ግን ሁሉም ጋ አለ። ለሕክምና ወይም ለንግድ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ፣ ልጁ ቺካጎ ወይም ሜልቦርን የገባችለት፣ እህቱ አቴንስ ዓመታት ያሳለፈችለት ሰው ሁሉ ስለ ግሪኮች ምግብ የሚለው አያጣም። ከሚባለው ብዙው ስሕተት ነው። በዚህም ምክንያት በትልቅ ከተማ የግሪክ ቤት ደጃፍ ደርሶ «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብሎ የሚያልፍ የአገሬ ሰው ብዙ ነው። ይህ ያስቆጨኛል፤ ከባዕድ ማዕድ ሁሉ ለጎጃም ጾመኛ የሚቀርበው ይኸው የግሪኮቹ ነውና። ስለዚህ የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው።

«ሁሉ ሥጋ ነው፤ ጾመኛ የሚቀምሰው የለም»

ተረት ነው። ይህን የሚሉት በመስታወት ውስጥ በዘንግ ላይ የሚሽከረከረውን ሥጋ ያዩ ናቸው። ጊሮስ ይባላል፤ እየተላጠ በቂጣ ተጠቅልሎ የሚሸጥ የመንገድ ምግብ ነው። የግሪክ ቤት ማዕድ ግን በእሱ አይለካም።

የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንደ እኛው ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች። ዐቢይ ጾም፣ የሐዋርያት ጾም፣ ፍልሰታና የገና ጾም አላት፤ በእነዚህም ጊዜያት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ማድቤቱ ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ ሥርዓት ሥር ስለኖረ በጾም ወጥ የተካነ ነው። ጊጋንተስ የሚሉት ትልልቅ አደንጓሬ በቲማቲምና በሽንኩርት ቀስ ብሎ በምድጃ የበሰለ ነው። ሆርታ የተቀቀለ የዱር ቅጠል ነው፤ ሎሚና ዘይት ፈሶበት ይቀርባል፤ ጎመን ያደገበት ሰው ወዲያው ይለምደዋል። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አለ፤ የምስር ሾርባ አለ፤ ሽምብራ አለ።

ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ሳህን ላይ ልቆይ። ፋቫ ይባላል። በተለይ ከሳንቶሪኒ ደሴት የሚመጣው ስመ ጥር ነው። ቢጫ ክክ እስኪፈርስ ተቀቅሎ ይታሻል፤ ከላይ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና ሎሚ ይደረግበታል፤ በዳቦ እየተጠቀሰ ይበላል። አንድ የቡሬ እናት ብትቀምሰው «ወፍራም የክክ አልጫ ነው፤ እርድ ብቻ ቀርቶበታል» ብትል አትሳሳትም። «ፋቫ ባቄላ ነው» የሚባለው ግን ልክ አይደለም። የሳንቶሪኒው እህል የጓያ የቅርብ ዘመድ ነው። በደሴቱ ላይ ከ3,500 ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ አመድ ከተቀበረችው ከአክሮቲሪ ፍርስራሽ ውስጥ ይኸው እህል ተከማችቶ ተገኝቷል። ጓያ ሲባል በእኛ አገር እግር የሚያሽመደምድ በሽታ ትዝ ይላል፤ መፍራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሽባነቱ የሚመጣው ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያ ለወራት ዋና ቀለብ ሲሆን ነው። አንድ ሳህን ፋቫ ከሌላ ምግብ ጋር የቀመሰ ሰው የሚያሰጋው ነገር የለም። በሌሎች ብዙ ቤቶች ደግሞ ፋቫው ከተራ አተር ክክ ይሠራል።

እዚህ ላይ ግን ጾመኛው መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። ለግሪክ አስተናጋጅ «ጾም ላይ ነኝ» ካሉት በደስታ ኦክቶፐስ ወይም ሽሪምፕ ያመጣልዎታል። በእነሱ ሥርዓት ደምና አጥንት የሌለው የባሕር እንስሳ ጾም አያፈርስም። ታራሞሳላታ የሚሉት ሮዝ ማባያም ከዓሣ እንቁላል የተሠራ ነው። ለእኛ ሰው ይህ አይሆንም። ስለዚህ «ጾም» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «ከባሕር የወጣም አልበላም፤ ጥራጥሬና አትክልት ብቻ» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል። በወይን ቅጠል የተጠቀለለው ምግብም ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀዝቀዝ ብሎ የሚቀርበው ሩዝ ብቻ ያለበት ሲሆን፣ ትኩስ ሆኖ ቢጫ መረቅ የፈሰሰበት ግን ሥጋ አለበት፤ መረቁም የእንቁላልና የሎሚ ነው። በስስ ሊጥ የተነባበረ ነገር ሲያዩም ቅቤ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ።

ሌላው የሚያሳስተው «ጾማችን አንድ ቀን ገብቶ አንድ ቀን ይፈታል» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ፋሲካን አብረን እናከብራለን። የእኛ ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ነው፤ የእነሱ 48። ስለዚህ በዘወረደ ሳምንት እኛ ጾም ስንይዝ እነሱ ሥጋ አቁመው ገና አይብ እየበሉ ነው፤ ጾማቸው የሚገባው በቅድስት ሰኞ ነው። የእኛ የመጀመሪያ ሳምንት ጾመ ሕርቃል መባሉ ከዚሁ ጋር ቢታሰብ መልካም ነው፤ ሕርቃል ከ610 እስከ 641 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ የነገሠ ንጉሠ ነገሥት ነበር።

በፍልሰታ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። የግሪኮቹ ጾም በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 8 ነው፤ በነሐሴ 9 የእመቤታችንን በዓል ያከብራሉ። እኛ በነሐሴ 10 እና 12 ገና ሱባዔ ላይ ሳለን እነሱ ፈትተዋል። የገና ጾማቸውም ታኅሣሥ 16 ላይ ያበቃል። በጾም ዘመን የጾም ዝርዝር የሚያወጣ ቤት ካገኙ ዝርዝሩ የሚቆየው በእነሱ ቀን መሆኑን አውቀው ይሂዱ። ፋቫውና ሆርታው ግን ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም።

«ኡዞ የኛው አገር መጠጥ ነው» እና «ኡዞ ሲነጣ ተበላሽቷል»

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ግሮሰሪዎች አንዱ ቢገቡ ከጂኑና ከኮኛኩ ጎን ኡዞ ተደርድሮ ያገኛሉ። ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ከሚያወጣቸው መጠጦች አንዱ ነው። ሰው በመለኪያ ይጠጣዋል፤ ብዙ ጊዜም ባዶውን፣ ቆሞ፣ በአንድ ትንፋሽ። ስለዚህ ወጣቱ የአገር ውስጥ ፈጠራ ቢመስለው አይፈረድበትም። መጠጡ ግን ከነስሙ የግሪክ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ኡዞ በሚለው ስም መሸጥ የሚችለው በግሪክና በቆጵሮስ የተመረተው ብቻ ነው፤ የአልኮል መጠኑም ከ37.5 በመቶ ማነስ የለበትም። ግሪካዊ የሆነ ምግብ በምዕራብ ጎጃም የለም ለሚል ሰው፣ የግሪኮች መጠጥ ግን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ መደርደሪያችን ላይ አለ።

መንጣቱን በተመለከተ፣ አንድ ብርጭቆ ወስደን እንየው። ኡዞው ሲቀዳ እንደ ውኃ የጠራ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ ሲደረግበት መጀመሪያ እንደ ጭስ ቀጭን ክር ይሄዳል፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ እየደፈረሰ ብርጭቆው በሙሉ አጓት ይመስላል። «ተበላሸ፣ መርዝ ገባበት» ብሎ የሚደፋ ሰው አለ። የሆነው ነገር ቀላል ነው። መዓዛውን የሚሰጠው አኔቶል የተባለ ዘይት ነው፤ እንስላልን እጅ ላይ ሲያሹት የሚሸተው እሱው ነው። አኔቶል በጠንካራ አልኮል ይሟሟል፤ በውኃ አይሟሟም። ውኃ ሲበዛበት ዘይቱ በጣም ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ይለያል፤ ብርሃን የሚበትነው ያ ጠብታ ነው። እንዲያውም ውኃ ተጨምሮበት ያልነጣ ኡዞ አኔቶሉ ያነሰ መሆኑን ያሳያል።

ግሪኮች ኡዞን ቆመው አይጨልጡም። ውኃ ወይም በረዶ ይጨምሩበታል፤ ከትንንሽ ሳህን ምግብ ጋር ቁጭ ብለው ያዘግሙታል። በባዶ ሆድ በመለኪያ መገልበጡ እኛ ያመጣነው ልማድ ነው፤ ብዙ ሰውም ጎድቷል። ይህን ስል አፌን ሞልቼ ነው።

«ፈታ ማለት አይብ ነው፤ ስሙ ነው የተለወጠው»

አይደለም። አይብ እንዴት እንደሚሠራ ጎጃም ውስጥ የማያውቅ የለም። ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አሬራ ለዘብ ባለ እሳት ይጣዳል፤ ቀስ በቀስ ነጩ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይለያል፣ ከዚያ ይጠልላል። ጨው የለበትም፤ ቅባቱም አስቀድሞ በቅቤ ወጥቷል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ መበላት አለበት። ፈታ ከቅቤው ጋር ካለ ሙሉ ወተት ይጀምራል። ወተቱ ቢያንስ 70 በመቶ የበግ መሆን አለበት፣ የቀረው የፍየል፤ የላም ወተት አይገባበትም። እሳት ሳይሆን ወተት አርጊ ኢንዛይም ያረጋዋል። ከዚያ በጨው ውኃ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወር ይቆያል። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ስሙ የግሪክ ብቻ ሆኖ ተጠብቋል።

ይህን ማወቁ የሚጠቅመው የግሪክ ሰላጣ ሲያዙ ነው። በየከተማው ሆቴል «ግሪክ ሰላጣ» ተብሎ ሰላጣ ቅጠል ላይ አይብ ተበትኖ ይቀርባል። የግሪክ ገጠር ሰላጣ ቅጠል የለውም። በትልልቁ የተቆረጠ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የወይራ ፍሬ፣ ከላይ አንድ ሙሉ ቁራጭ ፈታ፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው። አንድ ቤት ግሪክ መሆን አለመሆኑን በቶሎ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። አይቡ ካልተፈለገ «ያለ ፈታ» ማለት ይቻላል፤ የሚያፍርበት የለም።

«የእኛ ወይራ ሌላ፣ የእነሱ ወይራ ሌላ»

እዚህ ላይ ተረቱም እውነቱም ተደባልቀዋል። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው፣ እናቶች የወተት ቅሉንና የጠላ ጋኑን የሚያጥኑበት ወይራ ከግሪኩ የዘይት ዛፍ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ የሚለያዩት በንዑስ ዝርያ ብቻ ነው። ግን የእኛው ፍሬ ትንሽ ነው፤ ሥጋው ስስ፣ ፍሬ ውስጡ ድንጋይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ጨምቆ ዘይት ማውጣት አያዋጣም። «ታዲያ የግሪኩን ችግኝ አምጥተን ብር ሸለቆ እንትከል» የሚል ሐሳብ ሰምቼ አውቃለሁ። የዘይት ወይራ አበባ እንዲያወጣ የክረምት ብርድ በተከታታይ ሳምንታት ያስፈልገዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ አየር ባለበት ቆላ ዛፉ ይለመልማል እንጂ ፍሬ አይሰጥም።

ዘይት የቡሬ ሰው የማያውቀው ነገር አይደለም። ኑጉ ከጥንት አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም ከተማዋን አስጠርቷታል። የግሪክ ቤት ገብቶ ዳቦ ላይ የፈሰሰውን አረንጓዴ ዘይት «ጥሬ ነው፣ ሆድ ያማል» ብሎ የሚተው ሰው ግን አለ። ጥሬ መሆኑ ነው ዋጋው። ፍሬው ሳይሞቅ ስለተጨመቀ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ያቃጥላል፣ ይመራልም፤ ይህ የትኩስነቱ ምልክት ነው። ግሪኮች በነፍስ ወከፍ የወይራ ዘይት በብዛት ከሚበሉት የዓለም ሕዝቦች ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ ይጠብሱበታልም።

«ሙሳካ ከእስክንድር ዘመን የመጣ ምግብ ነው»

ተረት። ሙሳካ ደርብ በደርብ የተነባበረ ደበርጃን፣ የተፈጨ ሥጋና ቲማቲም ነው፤ ከላይ ወፍራም የወተት ክሬም ተጋግሮበት ይመጣል። ያን ክሬም የጨመረበት ኒኮላኦስ ፀለመንተስ የተባለ፣ በ1878 እ.ኤ.አ. የተወለደ ግሪካዊ ምግብ አብሳይ ነው፤ የፈረንሳይን አሠራር ወደ አገሩ ማድቤት በማስገባት የታወቀ ሰው ነው፤ ይህ አሠራርም በ1920ዎቹ በእሱ የምግብ መጽሐፍ ተስፋፋ። ቲማቲሙ ራሱ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። የቡሬና የወምበርማ በርበሬም እንዲሁ ከአሜሪካ የተነሳ ተክል ነው፤ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም። ይህ የቡሬን በርበሬ የቡሬ ከመሆን አያግደውም፤ ሙሳካንም የግሪክ ከመሆን አያግደውም።

«ግሪኮች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከጣልያን ጋር ነው»

ይህን የምሰማው ከጎልማሶች ነው። በቡሬና በደምበጫ መንገድ በ1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ሲባረር የነበረውን ታሪክ ከአባቶቻቸው ስለሰሙ፣ ነጭ ነጋዴ ሁሉ የጣልያን ጭፍራ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እጅግ ይርቃል። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ጥቂት የወይን ጠጅና ጥቂት የወይራ ዘይት ወደ አክሱም ምድር ይገባ እንደነበር ይናገራል፤ ዞስካለስ የተባለው ንጉሥም ግሪክኛ ማንበብ የሚችል እንደሆነ ጽፏል። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፉን በድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ አንዱ ቋንቋ ግሪክኛ ነበር። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማም ግሪክኛ ከሚነገርበት ከጢሮስ የመጡ ናቸው፤ የአዲስ አበባው የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በእሳቸው ስም ነው የሚጠራው።

በዘመናዊው ታሪክም ቢሆን ግሪኮች በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በንግድና በእጅ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ከወረራው በፊት። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሻምፒዮና ሲካሄድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከአርመኖቹ አራራትና ከጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ ጋር የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ ተሰልፏል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በታወጀበት ጊዜ ብዙዎቹ ንብረታቸውን አጥተው ሄዱ፤ ማኅበረሰቡም ተመናመነ። የቀረውን ስም ታክሲ ተሳፋሪው በየቀኑ ይጠራዋል፤ ካዛንቺስ አጠገብ ያለው ባምቢስ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ግሪካዊ ከመሠረተው ሱፐርማርኬት ነው።

እንግዲህ ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው አድራሻ ኦሎምፒያኮስ ነው፤ የከተማው ሰው በአጭሩ ግሪክ ክለብ ይለዋል። የማኅበረሰቡ መሰብሰቢያ ቢሆንም ምግብ ቤቱ የውጭ እንግዳም ያስተናግዳል። የሥራ ቀንና ሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ደውሎ መሄድ ይሻላል።

ወደ ውጭ ለወጡት ልጆቻችን ደግሞ ምርጫው ሰፊ ነው። ኒውዮርክ ያለ አስቶሪያ፣ ቶሮንቶ ያለ ዳንፎርዝ መንገድ፣ ቺካጎ ያለ ሃልስቴድ መንገድ፣ ሜልቦርን ያለ ኦክሊ ሰፈር ይጠይቅ። ከእነዚህ ውስጥ የማስበልጠው ኦክሊንና አስቶሪያን ነው፤ ግሪኮቹ ራሳቸው ቤተሰብ ይዘው የሚበሉበት ሰፈር ስለሆነ።

«ሳህን ይሰብሩብሃል፣ እሳት ያነዱብሃል»

ሳህን መስበር በአንድ ወቅት የጭፈራ ቤት ልማድ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው አበባ ይበተናል፤ በተራ ምግብ ቤት ደግሞ ሁለቱም የለም። አይብ በእሳት ነበልባል አድርጎ «ኦፓ!» ብሎ ማቅረብም በ1968 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ፓርተኖን በተባለ ምግብ ቤት እንደተጀመረ ይነገራል። አቴንስ ውስጥ አይቡ ይጠበሳል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ያ ነው።

«ለሀብታም ነው፤ ኪስ ያራቁታል»

ይህ በአስተዛዘዝ ላይ የቆመ ነው። አንድ ሰው ለራሱ አንድ ትልቅ ሳህን ካዘዘ ውድ ይሆንበታል። ግሪኮች ግን እንዲያ አይበሉም። አራትና አምስት ትንንሽ ሳህን ያዛሉ፤ ሁሉም መካከል ላይ ይቀመጣል፤ ሁሉም ከዚያው ይቆርሳል፣ ይጠቅሳል። ከአንድ ገበታ መብላት ለለመደ የጎጃም ቤተሰብ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ለአራት ሰው ፋቫ፣ ጊጋንተስ፣ ሆርታ፣ ሰላጣና ዳቦ ቢታዘዝ ጾመኛውም ሌላውም ጠግቦ ይነሳል። ቡና ከጠየቁ ስኳሩ ከቡናው ጋር አብሮ ስለሚፈላ ሲያዙ ነው መናገር ያለብዎት፤ ያለ ስኳር፣ መካከለኛ ወይም ጣፋጭ። አተላው ሲኒው ግርጌ ስለሚቀር እስከ መጨረሻው አይጠጣም።

ኪስ የሚያራቁተው አንድ ነገር ካለ ሙሉ ዓሣ ነው። በዝርዝሩ ላይ የሚታየው ዋጋ የሳህኑ ሳይሆን የኪሎው ነው፤ ይህን ሳያውቅ ያዘዘ ሰው ሒሳቡ ሲመጣ ይደነግጣል። ስለዚህ ዓሣ የሚበላ ሰው ከመጠበሱ በፊት አሳዩኝ ይበል። ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዱታል፤ ዓሣውን መርጦ፣ ዓይኑ የጠራ መሆኑን አይቶ፣ ፊቱ አስመዝኖ፣ ስንት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይጠይቅ። በግሪክ ቤት ይህ ነውር አይደለም፤ የቤቱ ሰዎችም እንዲጠየቁ ይጠብቃሉ።